የሙሽራዋ ጆሮ

ፈቲሀ ስትዳር ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ይዛው ከሄደችው ዕቃ መሃል ባሏ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጥ ነጭ ሳጥን ነው። ከሱ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ የሽቦው ጫፍ ግራ ጆሮ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መያዣ አላት። ሲበራ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ጆሮን ቀስ ብሎ ይነዝራል፤ አያምም። ይህ ዕቃ መድኃኒቷ ነበር። መድኃኒት ይደበቃል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከሆነች ትደብቃለች።

ሆዷን ያመማት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃታት። ወልቂጤ ውስጥ ያልገባችበት ክሊኒክ የለም፤ አንዱ አሜባ ነው፣ ሌላው ጃርዲያ ነው እያለ ክኒን ያስታቅፋታል። እናቷ ሳሌሃ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ አጠጣቻት፤ ከእምድብር የመጣ ሰው የነገራትን ቅጠል ቀቅላ ሰጠቻት፤ ዱዓ አስደረገችላት። ልጅቷ ግን ከስታ ከስታ ቀሚሷ የሰው መሰለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ዶክተር ፀዳለ የምትባል የአንጀት ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ዶክተሯ በካሜራ አይታ አሜባም ጃርዲያም እንዳልሆነ ነገረቻቸው። የአንጀት ብግነት ነው አለች፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ጠላት የመጣ መስሎት አንጀቷን እያቆሰለው ነው።

የታዘዘላት ክኒን ለጊዜው ረዳት፤ ቆይቶ ግን ደሙ ተመለሰ። ጠንከር ያለው መድኃኒት ደግሞ ፊቷን አሳብጦ እንቅልፍ ነሳት። ዶክተር ፀዳለ ስለ ነጯ ሳጥን ያነሳችላት ያኔ ነው። ከአንጎል ተነስቶ በአንገት በኩል እስከ አንጀት የሚወርድ ረጅም ነርቭ አለ፤ አንዱ ቅርንጫፉ ጆሮ ላይ ይደርሳል። ጆሮ ላይ በቀላል ኤሌክትሪክ ከተቀሰቀሰ የተቆጣውን አንጀት ሊያረጋጋው ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ ገና ጥናት ላይ ነን፣ ለሁሉም አይሠራም፣ ክኒኑንም አያስቀርም ብላ በግልጽ ነገረቻቸው። ሳሌሃ ሆድ በጆሮ ሲታከም አይታ አታውቅምና ሳቀች። ፈቲሀ አልሳቀችም፤ የሚያስቅ ነገር ካየች ቆይታለች።

ጠዋትና ከሰዓት ሳታሰልስ አደረገችው። ወራት አለፉ፤ ደሙ ቆመ። ሰው ቤት ገብታ መጸዳጃው በየት በኩል ነው ብላ ሳትጠይቅ መቀመጥ ቻለች። ይህ ለእኔና ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለእሷ ግን ከእስር እንደ መፈታት ነበር። ሂጃቧ ስለሚሸፍንላት ባጃጅ ውስጥም ሆነ ገበያ መሃል ዕቃውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሄዳለች። ከሳሌሃ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ኡበይድን ያገኘችው በዚያ በተሻላት ሰሞን ነው። ኡበይድ የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ወልቂጤ ላይ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። የቧንቧ መክፈቻ ልትገዛ ገብታ፣ ይሄ አይደለም፣ ያኛውን አውርድልኝ እያለች ሱቁን ከላይ እስከ ታች አስበርብራው ምንም ሳትገዛ ወጣች። በማግስቱ ተመልሳ መጀመሪያ ያሳያትን ገዛች። ኡበይድ ይህንን ለጓደኞቹ ሲያወራ ሳቁን መጨረስ ያቅተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ።

ዶክተር ፀዳለ የሠርጉን ወሬ ስትሰማ ደስ አላትና፣ ባልሽ ስለ ሕመምሽ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፈቲሀ ያውቃል አለች። ውሸቷን ነው። ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ከለከለቻት ሳሌሃ ናት። «መጀመሪያ ውለጂ» አለቻት። «ልጅ የታቀፈችን ሴት ማንም አይመልሳትም።» በሳሌሃ ልፈርድ አልፈልግም። ሆዷን የሚያማት፣ ደም የምታይ ልጅ እንዳለቻት አገር ቢያውቅ ማን በሯን ያንኳኳል ብላ ስንት ዘመን ተሳቅቃለች። ቢሆንም ያቺ ምክሯ አሁንም ታናድደኛለች።

ሙሽራዋ የገባችው ቡታጅራ፣ የኡበይድ እናት ከድጄ ቤት ነው። ከድጄ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ እየተረከበች ልጆቿን ያሳደገች ጠንካራ ሴት ናት። በእሷ ቤት ደንብ ሙሽራ ሙሽርነቷን ሳትጨርስ ሥራ አትነካም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ቡላ በቅቤ ትበላለች፤ ራሷን ቅቤ ትቀባለች፤ ደጅ ስትወጣም ብቻዋን አትወጣም። ኡበይድ ሱቁን ዘግቶ መቀመጥ ስለማይችል ሰኞ ወልቂጤ ሄዶ ሐሙስ ማታ ይመለሳል። ሙሽርነቱ ሲያልቅ ይዟት ሊሄድ፣ ወልቂጤ ላይ ቤት አዘጋጅቷል።

ከድጄ ምራቷን ወደደቻት። ዝም ብላ ደንብ ለማድረስ ሳይሆን ከልቧ ነው የወደደቻት። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ፊቷ ፍልቅልቅ ነው፣ የሰጧትን ትበላለች። ችግሩ አንድ ነው፤ ሙሽራ ሴቶች መሃል ሂጃቧን አውልቃ ነው የምትውለው። አንዷ ጠጉሯን ትፈታለች፣ አንዷ ቅቤ ትቀባታለች፣ አንዷ ትሠራታለች። ፈቲሀ ዕቃውን ጆሮዋ ላይ የምታደርግበት ጊዜ አጥታ፣ ራሴን አሞኛል እያለች ከሰዓት ተሸፋፍና መተኛት ጀመረች። ያም ቢሆን ለጥቂት ሳምንታት ሠራላት።

አንድ ቀን ከድጄ የጥቁር አዝሙድ ቅቤ ይዛ ገባች። ራሴን አሞኛል ያለችውን ልጅ ግንባሯን ልታሽላት ነው። ፈቲሀ ተኝታለች፤ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ከድጄ ከጆሮዋ የሚወርደውን ሽቦ አየች፤ አረንጓዴውን መብራትም አየች። የቡታጅራ ጎረምሳ ሁሉ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ብቻውን ሲያወራ በየመንገዱ ታየዋለች። ስልክ ነው አለች በልቧ። ባሏ ወልቂጤ ነው፤ ባሏን ለማናገር ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ መደበቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ሌላ ሰው አለ። ቅቤውን እንደያዘች በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወጣች።

ሌላ አማት ብትሆን ቤቱን ታናውጠው ነበር። ከድጄ ግን ታናሽ እህት ነበረቻት። እህቷ በሙሽርነቷ ሰሞን ከሻንጣዋ የወንድ ፎቶግራፍ ተገኘ ተብላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። የአክስቴ ልጅ ነው ብትል ማን ሰምቷት። ሁለተኛ ሳታገባ፣ ሰው ቤት ሳትሄድ፣ ጓሮ ስትቆፍር ኖራ ሞተች። ከድጄ ያንን አይታ፣ በእኔ ቤት ሙሽራ ተዋርዳ አትመለስም ብላ ምላ ነበር። ደግሞስ ልጅነት ነው፤ ቅርብ ጊዜ የተዳረች ልጅ የድሮ ወዳጇን በአንድ ጊዜ ትረሳለች? ትንሽ ከተያዘች ትረሳዋለች። እንዲህ አሰበች። ፈቲሀ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ በወጣችበት ትራሷን ገልጣ ዕቃውን ወሰደችው፤ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላም የራሷ የሠርግ ልብስ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከታች ሸጉጣ ቆለፈችበት። ለማንም አልተነፈሰችም። ልጅቷንም አልጠየቀቻትም፤ መጠየቅ ማዋረድ ነው ብላለች።

ፈቲሀ ስትመለስ ዕቃው የለም። ምንጣፉን ገለበጠች፣ ፍራሹን አነሳች፣ ጓዟን በሙሉ በረበረች። ማንን ትጠይቅ? ምን ጠፋብሽ ቢሏት ምን ትላለች? ለዶክተር ፀዳለ ልትደውል ስልኳን ስታወጣ ከድጄ ገባችና ደንግጣ ዘጋችው። ከድጄም ድንጋጤዋን አይታ፣ የጠረጠረችው እውነት እንደሆነ እርግጠኛ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ብቻዋን አልተወቻትም።

ሐሙስ ኡበይድ መጣ። በእጁ የጆሮ ወርቅ ይዟል። «ጆሮሽ ባዶውን ሲሆን ከፋኝ» አላት እየሳቀ። ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረውም፤ ከሱቁ አጠገብ ካለው ወርቅ ቤት መስታወት ውስጥ ሲያየው ከርሞ፣ ያምርባታል ብሎ ነው ያመጣው። ፈቲሀ ግን እጇ ወደ ጆሮዋ ሄዶ ቀረ። አወቀ አለች። ዕቃውን ያገኘው እሱ ነው፤ ዝም ያለኝም ሊያዋርደኝ ስላልፈለገ ነው፤ አንድ ቀን ቀስ ብሎ ይመልሰኛል። ወርቁን አደረገች፤ ሲያያትም ፈገግ አለች። በልቧ ግን የቀሯትን ቀኖች መጠበቅ ጀመረች።

ደሙ ተመለሰ። ክኒኑን ትውጣለች፤ አልያዘላትም። መጸዳጃው ከጓሮ ነው፤ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። ፈቲሀ ብድግ ባለች ቁጥር ከድጄ አብራት ብድግ ትላለች። ምራቷ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የምትወጣው ስልክ ልትደውል ነው ብላ አስባ ነዋ! ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆማ እያሳለች፣ እያወራች፣ ስለ በርበሬው ዋጋ፣ ስለ ጎረቤቱ እየነገረች ትጠብቃታለች። ብቻዋን ካልሆነች አትደውልም ባይ ናት። ከውስጥ ፈቲሀ አማቷ ድምፅ እንዳትሰማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታምጣለች፤ ደሙ እንዳይታይ ውኃ ደጋግማ ትደፋለች። ቶሎ ልውጣ እያለች ሳትጨርስ ትወጣለች። በአንዲት ስስ ቆርቆሮ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የሚዋደዱ ሴቶች።

ስትከሳ ከድጄ ናፍቆት ነው አለች። ስታለቅስ ያገኘቻት ጊዜም ናፍቆት ነው አለች። ቅቤውን ጨመረችላት፣ ክትፎውን ጨመረችላት፣ አጠገቧ ተቀምጣ በእጇ አጎረሰቻት። ፈቲሀ እምቢ ማለት አትችልም፤ ሙሽራ የአማቷን ጉርሻ አትመልስም። ኡበይድ መክሳቷን አይቶ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲላት ደህና ነኝ አለችው። እናቱን ሲጠይቃት ደግሞ፣ አዲስ ቤት ነው፣ ትለምዳለች፣ አንተ ብቻ ቶሎ ቶሎ ና አለችው። እሱም ቶሎ ቶሎ መጣ። በመጣ ቁጥር ፈቲሀ፣ የዛሬው አመጣጡ ሊመልሰኝ ይሆን እያለች ፊቱን ታነብ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከመጸዳጃው በር ላይ ወደቀች። ከድጄ ልታነሳት ስትል ቀሚሷ በደም ርሷል። ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ቡታጅራ ሆስፒታል ወሰዷት፤ እነሱም ጊዜ ሳያጠፉ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላኳት። ኡበይድ ከወልቂጤ በቀጥታ ሄዶ እዚያ አገኛት። ዶክተር ፀዳለ ስታያት ወዲያው አወቀቻትና፣ ዕቃውን ከመቼ ወዲህ ነው ያቆመችው ብላ ኡበይድን ጠየቀችው። ኡበይድ የምን ዕቃ አላት። ዶክተሯ ነገሩ ገብቷት፣ ወደ ፈቲሀ ተመለሰችና ልንገረው ወይ አለቻት። ፈቲሀ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኡበይድ ሚስቱን እንደገና ተዋወቃት።

አንጀቷ ተነፍቶ ተበስቶ ነበር፤ ቀዶ ጥገና ግድ ሆነ። ከመግባቷ በፊት ጥቂት ጊዜ ሰጧቸው። ኡበይድ እጇን ይዞ፣ ምነው ዝም አልሽኝ አላት።

«ያገኘኸው አንተ መስሎኝ ነበር» አለችው። «ወርቁን ስታመጣልኝ ጊዜ፣ አውቋል አልኩ። እስክትመልሰኝ ድረስ ዝም ልበል ብዬ ነው።»

«ወዴት ነው የምመልስሽ?» አላት።

ይህንን ስትሰማ ደስ አላት። ፊቷ ላይ ታየ። ከቀዶ ጥገናው ወጥታ አንድ ቀን ብቻ ቆየች፤ ከተበሳው አንጀቷ የወጣው መርዝ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበርና ሊያተርፏት አልተቻለም። ዶክተር ፀዳለ ኡበይድን ወደ ቢሮዋ ወስዳ አልዋሸችውም። ያገረሸባት ዕቃው በመቅረቱ ነው ማለት አልችልም፣ አይደለምም ማለት አልችልም አለችው። ደሙን ባየችበት ሰሞን መጥታ ቢሆን ኖሮ ግን ብላ ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው።

ቡታጅራ ተቀበረች። ሳሌሃ ከወልቂጤ መጥታ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልናገረውም። ከድጄም በርበሬውን ትታ፣ እህል ትታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ሰነበተች። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ኡበይድን ጠርታ ወደ ጓዳ አስገባችው፤ በሩን ዘጋችና ሳጥኗን ከፈተች። ከሠርግ ልብሷ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ልጄ፣ ይቺ በጆሮዋ የምታወራበት ናት» አለችው። «ወላሂ ለማንም አላሳየሁም። ገመናዋን ሸፍኜላታለሁ። አሁን ከሞተች በኋላ አንተም ይቅር በላት፤ ልጅ ነበረች።»

ኡበይድ ጨርቁን ፈታው። ነጭ ሳጥን፣ ቀጭን ሽቦ፣ የጆሮ መያዣ። ዶክተሯ እንደነገረችው ነው። እናቱን አያት። ፊቷ የደከመ፣ ደግ ነገር የሠራች ሴት ፊት ነው፤ በሚስቱ ሞት የተቃጠለች፣ ሚስቱን በሰው ዓይን ሳታስገባ በክብር የቀበረች እናት። እውነቱን ቢነግራት በቀረው ዕድሜዋ እንዴት ትተኛለች? ዝም ቢል ደግሞ ፈቲሀ እናቱ ልብ ውስጥ ሌላ ሰው የምትወድ ሴት ሆና ልትቀር ነው። ሊጮህ ፈለገ። ያንን ሳጥን ግድግዳው ላይ ሊያፈርጠው፣ እናቱን ትከሻዋን ይዞ ሊነቀንቃት ፈለገ። ቆይቶ፣ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ አንድ ነገር ተናገረ።

«እማ፣ የምታወራው ከእኔ ጋር ነበር። የሰጠኋትም እኔ ነኝ።»

ከድጄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መጀመሪያ እፎይታው መጣ፤ አልሀምዱሊላህ አለች፣ ንጹሕ ናት አለች። ከዚያ ሌላው ቀስ ብሎ ገባት፤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እና ናፍቆትህ ነው እንዲያ ያከሳት?»

«አዎ እማ» አላት።

ከድጄ ያንን ለመደበቅ አልፈለገችም፤ የሚያኮራ ነገር ነውና። ለለቀስተኛው ሁሉ ነገረች። ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ ፈቲሀ ማን ናት ብትሉ፣ በባሏ ናፍቆት የሞተችዋ ሙሽራ ይሏችኋል። ሴቶች ኡበይድን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ እሱ ከሚስቱ ይልቅ ሱቁን መርጦ ልጅቷን በናፍቆት የገደለ ሰው ሆኖ ቀርቷል። ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። እናቱ ትተኛለች፤ የፈለገውም እሱን ነበር።

ዕቃው የጥናቱ ስለሆነ መመለስ ነበረበት። አዲስ አበባ ወስዶ ለዶክተር ፀዳለ ሰጣት። የት ተገኘ ስትለው ከጓዟ መሃል ነበር አላት። እሷም ኤሌክትሪክ ላይ ሰክታ ሞከረችው፤ አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ። ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው አለችው፤ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ አለችና ለእሷ ይሆናል። ኡበይድ አመስግኖ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ባለትዳር ናት?» አላት።

ዶክተሯ የታካሚ ነገር እንደማይነገር በትሕትና አስረዳችው።

«ለእኔ አይንገሩኝ» አለ። «ግን ባለትዳር ከሆነች፣ ዕቃውን ሲሰጧት አማቷንም አስጠርተው ያሳዩአት።»